ከሾላው ሁለት መቶ ሜትር ወደ ደቡብ

ውድ ዘኔይዳ፣

ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር አለ። ለባሌም፣ ንስሐ ለገባሁበት ቄስም አልነገርኩትም። ወደ ምክር ቤት ልትሄጂ ለብሰሽ በረንዳሽ ላይ የጠበቅሽ ዕለት፣ የላክሁልሽ ሹፌር መንገድ የሳተው ባንቺ ጥፋት አይደለም። ሾላው ከተቆረጠ ብዙ ዘመን እንደሆነው አውቅ ነበር። ሰውየው ከካርታጎ ከተማ የመጣ እንግዳ ስለሆነ ይህን እንደማያውቅም አውቅ ነበር። ሆኖም "ከሾላው ሁለት መቶ ሜትር ወደ ደቡብ፣ አረንጓዴ ቤት" አልኩትና ዝም አልኩ። የሌለ ዛፍ እንዲፈልግ አውቄ ላክሁት።

ይኸው ተናገርኩት። የቀረውን ቀስ ብዬ ልጻፍልሽ። ስንት ዓመት በስልክ በአክብሮት "ዶንያ"፣ "እርስዎ" ስልሽ ኖሬ ዛሬ "አንቺ" ማለቴን አትታዘቢኝ። በልቤ ሁልጊዜም "አንቺ" ነበርሽ።

መጀመሪያ የደወልሽ ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ የታክሲ ማኅበሩን ስልክ አነሳለሁ፣ ሹፌሮቹን በሬዲዮ እጠራለሁ።

"ታክሲ ፈልጌ ነበር" አልሽ። "በዊልቸር ነው የምሄደው።"

"አሁን መኪና የለም ዶንያ፣ ትንሽ ቆይተው ይደውሉ።"

"ሕጉ እኮ አለ ይላል።"

"ሕጉ ይበል እንጂ መኪናው የለም።"

"እንግዲያው ሕጉን ላኪልኝ፣ እሱ ይሸከመኝ" አልሽና ሳቅሽ። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ትውውቃችን በዚያ ተጀመረ።

ለመሸከም ትከብዳለች ለማለት ሹፌሮቹ በሬዲዮ "ፒያኖው" ይሉሽ እንደነበር ታውቂያለሽ። "ሊድዬት፣ ፒያኖው ዛሬ ደወለ እንዴ?" ይላል አንዱ። "ደውሏል" እላለሁ። "እኔ ወገቤን አሞኛል።" "እኔ ምሳ ላይ ነኝ።" "እኔ ደሞ ሙዚቃ አልወድም!" ከዚያ ሁሉም ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፣ አልዋሽሽም። ክፉ ሰዎች ሆነው አልነበረም። ማሪያ የምንላት የታክሲው ሂሳብ ቆጣሪ ተሳፋሪው ተቀምጦ በሩ ሳይዘጋ አትከፈትም። ሰው ደግፎ፣ ወንበር አጥፎ፣ ቀበቶ አስሮ እስኪጨርሱ ያለው ድካም ሁሉ በነጻ ነው። "ማሪያ ለፒያኖ አትዘፍንም" ነበር የሚሉት።

አንድ ቀን ስልኩን በወጉ ሳልዘጋው ይህን ሁሉ ሰማሽ። በማግስቱ ደወልሽ። "ሊድዬት፣ ፒያኖው ነኝ" አልሽ። "ዛሬ ተቃኝቼ ነው የምጠብቀው።" መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንቺ ግን ስቀሽ አለፍሽው፤ ከዚያ ወዲያ ራስሽን በዚያ ስም እየጠራሽ ትደውዪ ነበር።

ደግሞም ማንም ያላወቀብኝን አወቅሽብኝ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ከአውቶቡስ ግንባር፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከጋዜጣ ቅዳጅ ፊደል እየለቀምኩ ራሴን አስተማርኩ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ያገኘሁትን አነባለሁ፤ ቢያዩኝ ይስቁብኛል ብዬ በጉልበቴ ላይ እደብቀዋለሁ። አንቺ በስልክ ውስጥ ሰማሽኝ።

"ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። ምን እያነበብሽ ነው?"

አፈርኩ። "የስልክ ማውጫ።"

"ውይ፣ መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ!"

በማግስቱ መጽሐፍ ላክሽልኝ። በታክሲ ነው የላክሽው። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሳይመላለስ ያለፈ ሳምንት አልነበረም። ኤፍራይን፣ ሹፌሩ ባሌ፣ ከበረንዳሽ አንስቶ፣ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አንዲት ገጽ አላረጠበብሽም። ስታነቢው ያለቀስሽበትን ቦታ በእርሳስ ጫፍ ታመለክቺልኛለሽ፣ እኔም እዚያ ስደርስ እደውልልሻለሁ፣ በመጽሐፉ ሰዎች ኑሮ ላይ እንደ ጎረቤት እንጨቃጨቃለን። ልጆች አልወለድኩም፣ እኅት የለኝም፤ አንቺ ነበርሽኝ። መጽሐፎችሽ በቀይ ታክሲ ሲንሸራሸሩ አንቺ በረንዳ ላይ መቅረትሽን ያኔ አሰብኩት ወይ? አስቤዋለሁ። አስቤው ገጹን እገልጥ ነበር።

አሁን ወደ ኤፍራይን ታርጋ ልምጣ። ሕጉ የታክሲ ፈቃድ ከሆኑት ታርጋዎች ጥቂቶቹን ዊልቸር ለሚጭኑ መኪኖች ብቻ እንዳስቀረ ከኔ የበለጠ አንቺ ታውቂዋለሽ። የቀሩት ታርጋዎች ተሻምተው ስላለቁ ኤፍራይን ለነዚያ አመለከተና ደረሰው። የዊልቸር መወጣጫ ብረት ያለው ሚኒባስ ገዛ። የቴክኒክ ምርመራውን ባለፈ ማግስት መወጣጫውን ፈታው። "ቦታ ይይዛል" አለ፣ "ሻንጣ የት ልጫን?" ብረቱንም ወስዶ ከበራችን ፊት ባለው ቦይ ላይ ድልድይ አደረገው፤ ዳርና ዳሩን በሲሚንቶ አጠበቀው። በኛ ሰፈር በየከሰዓቱ ዝናብ ሲወርድ ቦዩ ወንዝ ይሆናል። አንቺን ወደ መኪና ሊያወጣሽ የተሠራው ብረት እኔን ጫማዬ ሳይረጥብ ቤቴ ያስገባኝ ነበር።

"ለምን አንድ ቀን አትጭናትም?" ብዬዋለሁ። "ያቺን የመሰለች ሴት!"

"መወጣጫው የት አለና?" ይለኛል። ይህን ሲለኝ በላዩ ላይ ቆሞ ነው።

እንዲህ እያለን የምክር ቤቱ ኮሚቴ የጠራሽ ጊዜ መጣ። ረቂቅ ሕጉ አጭር ነበር፤ የሽማግሌና የአካል ጉዳተኛ ታርጋ ይዞ የማይጭን ታርጋውን ይነጠቃል ይላል። ከየከተማው ሰው መጥቶ እንዲናገር ተፈልጎ ከኛ ከተማ አንቺ ተመረጥሽ። ንግግርሽን በስልክ ለኔ እያሰማሽ ነበር የተለማመድሽው። እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "ዘኔይዳ ኡማንያ እባላለሁ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ቀይ ሚኒባሶች ሲያልፉ አያለሁ። እኔን እንዲጭኑ ነው ታርጋ የተሰጣቸው። ቆመውልኝ የሚያውቁት ለመጽሐፍ ብቻ ነው።"

"ታርጋ ቁጥር ልትናገሪ ነው?" አልኩሽ።

"ካልተናገርኩማ ሐሜት ነው።"

"የኤፍራይንንስ?"

የግድግዳ ሰዓትሽ ሲቆጥር በስልኩ ሰማሁት።

"የሱንም" አልሽ። "የሱን ደብቄ የሌሎቹን ባወጣ ምን ሰው ነኝ ሊድዬት? አንቺስ በኋላ ድምፄን መስማት ትፈልጊያለሽ?"

ከዚያ ምን እንዳልሽኝ ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። "ለጠዋቱ መኪና እንዳታሳጪኝ፣ አደራ" አልሽኝ። ባሌን እንደምትከሺ ነግረሽኝ፣ መንገድሽን ግን በኔ እጅ አደረግሽው። ለሌላ ሰው መደወል አላሰብሽም።

የከተማችን ሹፌሮች እንደማይወስዱሽ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ መወጣጫ ያለው መኪና ከካርታጎ አስመጣሁ። እስከዚያ ድረስ፣ እመኚኝ፣ ልልክልሽ ነበር። ሹፌሩ ከተማ ገብቶ በሬዲዮ "የት ነው የኔ ንግሥት?" ሲለኝ ግን መስኮቱን አየሁ። ኤፍራይን ከውጭ መኪናውን እያጠበ ያፏጫል። ያ መኪና ጣሪያችን ነበር፣ ምሳችን ነበር። አፌ በራሱ ተናገረ። አይደለም፣ ይህም ውሸት ነው። እኔ ነኝ የተናገርኩት።

ካርታጎም ቤት ቁጥር የለውም። እነሱም አድራሻቸውን ከዛፍና ከሞተ ሰው ሱቅ እየለኩ ነው የሚናገሩት፤ ግን የራሳቸውን ሙታን እንጂ የኛን አያውቁም።

"ሾላ የለም እኮ እዚህ" አለኝ ትንሽ ቆይቶ።

"ወደፊት ይሂዱ።"

"ዳቦ ቤት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። አንዲት ሴትዮ ብጠይቅ 'ከሾላው ወደ ታች ነው' አለችኝ። ሾላውስ ብላት 'ሾላውማ ሾላው ነው' ብላኝ ሄደች። ምን ዓይነት ከተማ ነው ይሄ?"

"ትልቅ ዛፍ ነው፣ አይጠፋም" አልኩት።

በመሐል ትደውያለሽ። "ዘገየብኝ ሊድዬት።" "መንገድ ላይ ነው ዶንያ ዘኔይዳ።" እንደገና ትደውያለሽ። ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሽ እንደነበር፣ ጎረቤትሽ ፀጉርሽን እንደሠራችሽ በኋላ ነው የሰማሁት። ሹፌሩ ሰለቸውና "ሾላችሁን ስታገኙት ጥሩኝ" ብሎ ተመለሰ። አንቺ መጨረሻ ስትደውዪ ድምፅሽ ቀዝቅዞ ነበር።

"ተይው በቃ፣ ስብሰባው ተጀምሯል" አልሽ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሾላው መቆረጡን መናገር ነበረብኝ። ለእንግዳ ሰው እንዴት ይገለጥለታል?"

እኔም "አይዞዎት" አልኩሽ።

ስንት ቃል አንብቤአለሁ ዘኔይዳ፤ እንደዚያች ቃል አፌን ያመረረኝ የለም። አንዳንድ ጊዜ ታውቂ ነበር እላለሁ። "ጥፋቱ የኔ ነው" ስትዪ በር እየከፈትሽልኝ ነበር፤ "አይደለም፣ የኔ ነው" ብዬ እንድገባበት። ደፉ ላይ ቆሜ አይዞዎት ብዬ ዘጋሁት።

ረቂቁ በዚያው ዓመት መደርደሪያ ላይ ቀረ። አንቺ ተናግረሽ ቢሆን ይጸድቅ ነበር ብዬ አልምልም። ከኛ ከተማ ወንበሩ ባዶ እንደነበረ ግን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላም መጽሐፍ መላክ አልተውሽም። በእርሳስ ምልክት ማድረግሽን ግን ተውሽ፤ ወይም እኔ ማየት ተውኩ። ክሊኒክ የሚያደርስሽ ስታጪ የእኅትሽ ልጅ ላ ሱይሳ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ወሰደችሽ። "አንቺ ዘንድ የቀሩትን መጽሐፎች አትመልሺ" አልሽኝ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅሽን አልሰማሁም። እዚህ ቅርብ ነው፤ ልጠይቅሽ ግን አልመጣሁም። ኤፍራይን ሲሞት የላክሽው አበባ ደርሶኛል። ሪባኑ ላይ "መጽሐፌን ላላረጠበው" ብለሽ አስጽፈሻል። ለቀብር የመጣ ሰው ምን ማለት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ሪባኑን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ታርጋው ለኔ ተላለፈ። ዛሬ መኪናውን የምትነዳው ዮርሌኒ ናት፤ ድምፀ ጎርናና፣ ልበ ደግ ሴት፤ በሷ ድካም ነው የምኖረው። ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ አራት እግር ያለው የብረት ምርኩዝ ይዤ ነው የምሄደው። ባለፈው ከክሊኒኩ ፊት ቆሜ፣ ዮርሌኒ ሩቅ ስለነበረች፣ ለሚያልፍ ታክሲ እጄን ዘረጋሁ። ቀነስ አደረገ። ምርኩዜን አየና እጁን ወደ አፉ ወስዶ ምሳ ልበላ ነው የሚል ምልክት አሳይቶኝ ነዳው። ሹፌሩን አውቀዋለሁ፤ ሙዚቃ አልወድም ይል የነበረው ነው። እሱ አላወቀኝም። ዝናቡ እስኪያባራ ቆምኩ። የፒያኖ ተራ ለኔ ደረሰ።

አሁን ደግሞ ያ ረቂቅ ሕግ ከመደርደሪያው ወርዷል። ኮሚቴው በሚመጣው ሐሙስ ሰው ይሰማል። ዮርሌኒ ወሬውን ይዛ መጥታ ከበራችን ላይ ቆመች።

"ይሄ ሕግ ካለፈ ዶንያ ሊድዬት፣ እኔና እርስዎ ቁጭ ብለን ደመና መቁጠር ነው።"

"መወጣጫ ቢኖረንስ?"

"ከየት ይመጣል? ከሰማይ?"

"ቆመሽበታል" አልኳት።

ወደ እግሯ አየች። "እናቴ ማርያም! ስንት ዓመት ስሻገረው!"

በማግስቱ ዲጅኖ ይዛ መጣች። ብረቱ በሲሚንቶና በሣር ሥር ተጣብቆ እንቢ አለ። ከማዶ ዶን ኤላዲዮ፣ ሥራ የሌለው ጎረቤቴ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይመለከተናል።

"ምነው ሴቶች፣ ድልድይ ትሰርቃላችሁ?"

"የተሰረቀ ነው የምንመልሰው!" አልኩት።

"ከእንግዲህ በምን ልትሻገሪ ነው ታዲያ?"

"በሰው ክንድ። ያንተን አምጣ ይልቅ፣ እዚያ ከሚዝግ።"

እያጉረመረመ መጥቶ ዲጅኖውን ያዘ። ብረቱ ሲነቀል ከሥሩ አንድ ትልቅ ጉርጥ ዘሎ በዶን ኤላዲዮ ጫማ ላይ አረፈ፤ እንዴት እንደጮኸ ብትሰሚ! እንዲያ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ። ብየዳ ቤት ወስደው ዝገቱን አጸዱት፣ ማጠፊያውን አደሱት፣ መኪናው ላይ ተከሉት። መጀመሪያ የወጣሁበት እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ፣ ሰው መቻሉን ለማየት ነው። ይችላል።

ስንመለስ ዮርሌኒ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አገኘችኝና ምን እንደሆነ ነገርኳት። ኤፍራይን ታርጋውን በያዘበት ዘመን ሁሉ፣ ከሱም በኋላ በኔ ስም፣ መኪናው አንድ ዊልቸር እንዳልጫነ ሳልደብቅ መጻፌን ነገርኳት። ጉንጯን ይዛ ተቀመጠች።

"አሁን እኮ መወጣጫው አለ" አለችኝ። "ዝም ቢሉ ማን ያውቃል?"

"ዝም ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት።"

"ይነጥቁናል እኮ።"

"ሊነጥቁን ይችላሉ። እንጀራሽ መሆኑን አውቃለሁ ልጄ። አትጻፊ ካልሽኝ…"

አላስጨረሰችኝም። የመኪናውን ቁልፍ በጣቷ ላይ አሽከረከረች። ከዚያ፣ "ሐሙስ ጠዋት ላ ሱይሳ በስንት ሰዓት ልድረስ?" አለችኝ።

እናም ዘኔይዳ፣ ሐሙስ ጠዋት ቀይ ሚኒባስ ከበራችሁ ይቆማል። ዮርሌኒ መወጣጫውን ታወርዳለች። የኮሚቴው ጸሐፊ በስልክ ስምሽን ተቀብላኛለች፤ መናገር ካልፈለግሽ ዝም ማለትም መብትሽ ነው ብላለች። ይህን ካነበብሽ በኋላ እኔ በላክሁት መኪና አልሄድም ካልሽ፣ ዮርሌኒ አትለምንሽም፤ ለኮሚቴው የታሸገውን ፖስታ ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች።

የምትሄጂ ከሆነ ግን መንገዱ በኛ ከተማ ያልፋል። እኔ ሰማያዊ ቀሚስ የለኝም፤ ያለኝን ለብሼ፣ ምርኩዜን ይዤ፣ የቀሩትን መጽሐፎችሽን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሾላው በነበረበት ቦታ መንገድ ዳር እቆማለሁ። ቦታውን ለዮርሌኒ አሳይቻታለሁ፤ አሁን የጎማ መጠገኛ ነው። ከጎንሽ ሌላ ወንበር አለ። ቁሚ በያት ወይም እለፊ በያት፤ የምታደርገው አንቺ ያልሻትን ነው። ብታልፉኝ እጄን ዘርግቼ አላስቸግርሽም። የመጽሐፉን ጥቅል ከፍ አድርጌ አሳይሻለሁ፣ እንዳልረጠበ እንድታዪ።

ታርጋ ቁጥሩን ስትናገሪ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ። የሱንም፣ የኔንም።

እነዚህን ገጾች ከዮርሌኒ እጅ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ፤ በፖስታው ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን ቅጂ የምትቀበለው የኮሚቴው ሰብሳቢ ናት።

የታርጋው ባለቤት፣
ሊድዬት፣ የኤፍራይን ሚስት የነበረችው